ለአሊር፣ ስለ መብራቱ

ዝናብ ነው ብለን ተኛን፤ ማን ይጠረጥር?
በአካዲ ዳርቻ ግን አይታመንም ጥር።
የነካውን ሁሉ በመስታወት ለብጦ፣
ሽቦውን አወፍሮ፣ ጥዱን አጎብጦ፣
ጫካውን እርስ በርሱ ሲያታኩስ አደረ፤
ሊነጋጋ ሲል ግን አንድ ድምፅ ነበረ
ከሁሉ የከበደ፣ ከሁሉ የቀረበ።
በርቹ ወደቀ።

ታስታውሰዋለህ? አንተና ዞኤል
«ከኔ ድንበር በቅሏል»፣ «የለም፣ ከኔ ክልል»
ብላችሁ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሰላምታ የቆረጣችሁበት፣
ከቅዳሴ መልስ እንኳ ጀርባ የተሰጣጣችሁበት
ያ ዛፍ። ሲወድቅ ግን ወገን አልመረጠ፤
የሁለታችንንም ሽቦ እኩል ቆረጠ።

መብራት ሄደ። እንዳንተ፣ ሳይሰናበት።
ማሞቂያው አንዴ ቃተተ፤ ዝም አለ ቤት።

የመጀመሪያው ቀን ጨዋታ መሰለኝ፤
ሦስት ካልሲ ደርቤ ድመቷን አቀፍኩኝ።
በሁለተኛው ቀን ቆፈን ገባ ከጣት፤
መስኮቱ ከውስጥ በኩል ሸበተ ድንገት።
ሻማዬ እየቀለጠ ሌሊቱን ቆጠርኩት፤
ሰሙ አለቀ፣ አሊር፤ ወርቁን ግን አላየሁት፤
ሳህን ላይ የቀረ ጥቁር ክር ነው ያገኘሁት።

በሦስተኛው ኮትህን ለበስኩ። ኪሱ ውስጥ አሁንም
የዛገ መንጠቆ፣ ግማሽ ከረሜላ።
በላሁት። ይቅር በለኝ፤ ሌላ
ጣፋጭ አልነበረም።

ዞኤል አንድ ጊዜ በሩን አንኳክቶ
«ምድጃዬ ይነዳል» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ፣
መልሴን ሳይጠብቅም ተመልሶ ሄደ።
አልተከተልኩትም። ምን ላድርግ? ካንተ የወረስኩት
ይህ ኮትና ኩርፊያ ነው፤ ሁለቱንም ለበስኩት።

ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ ከምድር ቤት ያለው
ነጩ ማቀዝቀዣ፣ አንተ የሞላኸው፤
በመጨረሻው በጋ ከጀልባ ያወረድካቸው፣
በጋዜጣ ጠቅልለህ ቀን የጻፍክባቸው
አራት የኮድ ዓሣዎች። ሦስት ዓመት ከፈትኩት፣ ሦስት ዓመት ዘጋሁት፤
ጽሕፈትህን እንጂ ዓሣውን አልነካሁት።

አሁን ከጠርዙ ውሃ ያንጠባጥባል።
ውጭ ላወጣቸው እችል ነበር። እንዳትታዘበኝ፤
ከደጄ ወዲያ ያለው አገር ሁሉ ማቀዝቀዣ ነው፣
በባልዲ ብቀብራቸው ለፋሲካ ይደርሱ ነበር፣
አውቃለሁ፣ አልዘነጋሁም።
እጄ ግን ሌላ አሰበ።

ጫማዬን በገመድ ጠፍሬ፣ እንዳልወድቅ፣
አራቱን በልጆች መንሸራተቻ ጎተትኩ፣ በዚያ ሁሉ ብልጭልጭ
መንገድ፤ እንዴት ያምር ነበር፣ እንዴት ይገድል ነበር።

የዞኤል ቤት ሙሉ ነው፤ የኤድሜ መንትዮች
ከምጣዱ ሥር ተኝተዋል እንደ ሁለት ቡችሎች፤
ሽማግሌው ኦኔዚም መቁጠሪያውን ይዞ ያንኮራፋል።
ምድጃው ውስጥስ ማን ነበር? በርቹ።
እርጥብ ነው፣ ይንጣጣል፣ ይጨሳል፣ ያለቅሳል።
«ግትር ነው እንደ ባልሽ» አለኝ ዞኤል፤ ቆየና
«ግማሹ ያንቺ ነው» አለ፣ «ቆጥሬ ለይቻለሁ።
ከጎተራው ጀርባ፣ በሸራ ሸፍኜዋለሁ።»

«አንድደው» አልኩት። «ሁሉንም።»

ጋዜጣውን ሊማግድ እጁን ዘርግቶ ነበር፤
ቀኑን አየ፣ ያንተን ጽሕፈት አየ፤
በጥንቃቄ አጥፎ መለሰልኝ።
ሌላ ነገር አልተባባልንም።

ዓሣው ጠውልጓል፤ ሦስት ዓመት ነዋ! ጨው አበዛን፤
አሥራ አራት ሰው በላ። ኦኔዚም ነቅቶ
«የማን ድግስ ነው?» ቢል፣ «የአሊር» አልኩት፣
ድምፄ ሳይሰበር። ይህን ልነግርህ ነው የጻፍኩት።

በዘጠነኛው ሌሊት መብራት መጣ።
ሁሉም ባንዴ ጮኸ፤ ሬዲዮው፣ ማሞቂያው፣
አጥፍቼዋለሁ ያልኩት የመረብ ቤትህ አምፖል
በረዶው ላይ ቢጫ በር ከፈተ።
ከምድር ቤት ደግሞ ባዶው ማቀዝቀዣ
የሚጠብቀው ሳይኖር ማጉረምረም ጀመረ።

ወረድኩ።
ጥቂት ቆሜ ሰማሁት።
ከዚያ ነቀልኩት።