ፊደል ቆጠራ

እዚያ በዌልስ አገር፣ ከከሰል ጉድጓድ አፍ፣
ዝናብ ከማይለየው ከሸለቆው ጫፍ፣
ኤምሊን ፕሮሰር ነበር ማተሚያ ቤት ያለው፣
ሳጥን ሙሉ ፊደል፣ ከግንድ የተፈለፈለው።
እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ፊደል አጣቢ፣
በነጭ ጋዝ ጨርቅ፣ ቀን ቀን ቀለም ጠራጊ።

ፊደሉን ላሳይህ፦ ወፍራም ነው፣ ድልድል፣
አንገትም ወገብም ያልሠሩለት አካል፤
ራሱ ላይ ሳንቃ፣ እግሩም ላይ ሳንቃ፣
አንዴ ከቆመማ አይነቃነቅ በቃ።
ቀጭኑ ፊደል ለመጽሐፍ፣ ለጸሎት፣
ይኼኛው ለግድግዳ፣ ለአጥር፣ ለበረት፤
ከመንገድ ማዶ ሆነህ፣ በጭጋግ፣ በጭስ፣
ዓይንህ ሳይፈልገው ዓይንህ ላይ የሚደርስ።

"ሐራጅ!" ብሎ ጮኸ። "ቡጢ፣ ቅዳሜ ማታ!"
"ሰርከስ መጣ!" አለ። "ውሻ ላገኘ ወሮታ!"
"የጥርስ ዱቄት" ሲልም ያው ነው ጩኸቱ፣
ሹክ ማለት አልፈጠረበትም ከልጅነቱ።

ችግሩ፣ ፊደሉን እንግሊዝ ነው የሠራው፤
የዌልስ ሰው አፉን በምን እንደሚሞላው
አልጠየቀም። እዚህ ኤል በኤል ነው የሰው ስሙ፤
ሳጥኑ ውስጥ ግን አራት ኤሎች ብቻ ቆሙ።

አንድ ማለዳ ማርጌድ መጣች በጓሮ በር፤
ጉድጓዱ ከተናደ ሦስተኛው ቀን ነበር።
"ስሙን አትምልኝ። በትልቁ።"
"ይኼ እኮ የሰርከስ ነው፣ የቡጢ ነው፣ ማርጌድ፤
ለቀብር..."
"ዘጠኝ ዓመት ቁጥር ነበር። መብራቱ ላይ ቁጥር፣
ደሞዙ ላይ ቁጥር፣ ሲያወጡትም በቁጥር።
አንድ ቀን ይጩህ።"

ሉዌሊን ሎይድ።
ኤምሊን ፊደል ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።
አምስት ኤል ይፈልጋል። አራት አለው። አፈረ።
ከዚያ ባለ ሦስት ክንዷን፣ ኢ የምትባለዋን አነሣ፤
"መጋዙን ያዝልኝ" አለኝ፣ ድምፁ እንደ ሳሳ።
የላይ ክንዷን ቆረጠ፣ የመሐሏን ቆረጠ፣
የታችኛው ተረፋት፤ ዱቄቱ እጄ ላይ ተቀመጠ።
ኤል ሆነች። ራሷ ላይ ያለው ሳንቃ ግማሽ፣
ጎኗ ላይ ጠባሳ፣ በሞረድ የማይሻሽ።

ስሙን መጀመሪያ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ በግልባጩ፣
ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከነእንጨቱ፣ ከነፍልጩ።
ከኩባንያው መስኮት ፊት ለፊት ለጠፍነው፤
ሥራ አስኪያጁ መጋረጃ ሲስብ አየነው።

ሥራ ደግሞ ሥራ ነው። ኤሏም ወደ ሳጥኗ ገባች፤
ለድንች፣ ለጭፈራ፣ ለሳሙና ጮኸች።
ስንት ክረምት አልፎ፣ ጠጉሯ ነጭ ሆኖ፣
ማርጌድን አየኋት፣ የቅርጫቷ ድንች ዝናብ ተከድኖ፣
የሱፍ ካልሲ ማስታወቂያ ፊት ቀጥ ብላ።
ግማሽ ራስ ያላትን ኤል አገኘቻት፣ ከሌሎቹ ነጥላ።
ዋጋው ጮኾ ነበር፤ ዓይኗ አላነበበ።
ጃንጥላዋን አጠፈች፣
እየዘነበ።