የት ላይ ልፈርም?

ዳዴ ማለት ትታ መራመድ ስትጀምር
ቃጭል አሰርኩላት ከጫማዋ ክር፤
ሁለት ፍሬ ቃጭል፣ ለድመት የሚሸጥ፣
ዋጋው ከአውቶቡስ ቲኬት የማይበልጥ።
ሻጩ ሳቀ፦ «ድመት አለህ እንዴ ቤት?»
«አዎን» አልኩት፣ «ድመት፤ ሁለት እግር ያላት።»

ከዚያ ወዲያ ቤቴ በድምፅ ተሞላ፤
ኩሽና ናት፣ ሳሎን ናት፣ ከሶፋው ኋላ።
ቃጭሉ ሲቻኮል «ሮጣለች» እላለሁ፤
ቃጭሉ ዝም ካለ እኔ እሮጣለሁ።
ዝምታ ማለት ነው፦ ሳሙና በአፏ ውስጥ፣
ወይ ሶኬቱ አጠገብ ጣት ሲቁነጠነጥ።

የማኅበራዊ ጉዳይ ሴትዮ መጣች ልትጠይቅ፤
ወረቀቷ ይንኮሻኮሻል፣ ብዕሯ ይላል ጠቅ።
«ትኩሳት ሲይዛት በምን ታውቃለህ?» አለች።
«በከንፈሬ» አልኳት። ብዕሯን አቆመች።
«ዳይፐሯንስ?» «እንደ ዓይናማው ሁሉ፣
በአፍንጫዬ ነዋ!»
ሳቃችን ተደረበ ከቃጭሉ።

እናቷ ሌሊቱን ሆስፒታል ፈረቃ ስለሆነች
ጠዋት ጠዋት በጉልበቶቼ መሃል ትቀመጣለች።
ስድስት ሹሩባ፤ ጣቴ መንገድ ያወጣል፤
መለያው ቀጥ ይላል፣ መስታወት ምን ያውቃል?
(አንድ ቀን ብቻ፣ እውነት ለመናገር፣
ሁለት ዓይነት ካልሲ አልብሻት ነበር።)

አምስት ዓመት ሲሞላት ቃጭሉን ፈታችው፤
«አባ፣ ድመት አይደለሁም» ብላ
ከመዳፌ ላይ አኖረችው።
ከዚያ ወዲያ የሱፍ ቅርፊት ሆነ ምልክቴ፤
አፉላ ነዋ! ፍሬው ተቆልቶ በየደጁ፣
ቅርጭ ትላለች፣ እንትፍ ትላለች ከፊቴ።
መንገደኛው ሁሉ ይላታል፦ «ጎበዝ ልጅ፣
አባትሽን መሪ!»
እኔ ቦርሳዋን አዝዬ፣
ዳቦዋን ቀብቼ፣
ይዤ የሷን እጅ።

አሁን ሦስተኛ ክፍል ናት። ትናንት ማታ
ደብዳቤ አመጣች፣ በሩ ጋ ቆማ፣ አመንትታ።
«ከመምህርቷ ነው።» «አንብቢው እንጂ» አልኳት።
ወረቀቱ ሁለቴ የታጠፈ፣ ጣት ያላበበት።
ሁልጊዜ በዕብራይስጥ ነው የምታነበው፤
ትናንት ግን በአማርኛ ነው የጀመረችው።
«አቪታል… ጥሩ… ልጅ ናት ይላል።»
ትንፋሿ ነጥብ በሌለበት ይሰበራል።
«በሒሳብ በርትታለች። ጓደኞቿን… ታግዛለች።»
እዚህ ጋ ምራቋን ዋጠች።

ምስጋና ሁለት ጊዜ አይታጠፍም።
ስልኬ ኪሴ ውስጥ አለ፤ ወረቀት ካሳዩት አያሳፍርም፣
ያቺ ብርዳም ድምፅ ያላት ሴት ሁሉን ታነበንባለች፤
ልጅ የላትም፣ ለማን ብላ ትዋሻለች?
እጄ ኪሴ ድረስ ሄደ።
ሄደና እዚያው ቀረ።

እኔም ልጅ ሳለሁ፣ ዓይኔ ሲደክም፣ ጎንደር፣
«ይታየኛል» እያልኩ እናቴን ስዋሽ ነበር፤
እሷም አውቃ ኖሯል፦ ምንም ሳትናገር
ቀድማኝ ታነሳለች ከመንገዴ ጠጠር።

«የት ላይ ልፈርም?» አልኩ። ጣቴን ይዛ መራች፣
ከመስመሩ አኖረችው፤ አልለቀቀችም፣ ቆየች።
ፈረምኩ። ስሜ ወደ ላይ ሳይወጣ አይቀርም፣
እንደ ፍየል፤ ግድ የለም።
«ነገ» አልኳት፣ «እኔ ራሴ ልምጣ ትምህርት ቤት፣
እንዲህ ላመሰገነችሽ መምህርት
ይገባታል አንድ ከረጢት የሱፍ ፍሬ ልውሰድላት።»

ዝም አለች።
ያው የጥንቱ ዝምታ፣ የሳሙናው፣ የሶኬቱ።
ከታች አውቶቡስ አለፈ፤ ተንቀጠቀጠ መስኮቱ።
እግሬ ሊሮጥ ነበር። አልኩት፦ ተቀመጥ።
እጥፉ ሲፈታ ሰማሁ፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ።
«አባ…» አለች።
«እንደገና ላንብበው? በዕብራይስጥ።»