እንደ ቅድሙ

አርባ ጊጋ ሠርግ፣ ሦስት ቀን ተጨፍሮ፣
በሴቶች መዳፍ ላይ ዳፍ ሲጮኽ አድሮ፣
ከሱቄ ደረሰ በአንድ ዲስክ ታስሮ።

ሱቄ ከኾሮግ ገበያ ጀርባ ናት፣
በፍላሽ ሻጩና በጫማ ሰፊው መሐል የተሰነቀረች፣
ከበስተኋላዋ የፓንጅ ወንዝ ሲያጉረመርም ግድግዳዋ የሚያልባት።
መብራት ሲኖር እሠራለሁ፤ ሲጠፋ ሻዬን በጨው በወተት።

ያመጣችው ሙሽራዋ ራሷ ናት፣ ሳቭሳን፦
«ወንድሜ ኹሽቃዳም ሱርጉት ነው፣ ቧንቧ ይበይዳል፤
በረዶ ላይ ቆሞ፣ ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ ስልኩን ይከፍታል።
ከአሥራ ስድስት ሜጋ በላይ ሲሆን መስመሩን ያንቀዋል።
አሳንስልኝ፤ ብቻ አንድም ነገር እንዳይጎድል።»

ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው የሚለኝ።
ጨምቀው ይሉኛል፤ ጭማቂው ግን እንደ ፍሬው ይንጠልጠል።

የመጭመቅን ምሥጢር ልንገራችሁ፦
ማሽኑ ቆጣቢ ነው፣ ቃል አያባክንም።
ተራራውን አንዴ አይቶ አንዴ ይጽፋል፤
በሚቀጥለው ቅጽበት «እንደ ቅድሙ» ብሎ ያልፋል።
ሰማዩስ? እንደ ቅድሙ።
አምስቱ የቤት ምሰሶስ? እንደ ቅድሙ።
ከጣሪያው መስኮት የወረደው ብርሃን? እንደ ቅድሙ፣ እንደ ቅድሙ።
ቀለም የሚፈስለት ለሚሽከረከር ቀሚስ፣
ለሚበተን ከረሜላ፣ ለሚሻማ ልጅ፣
ክንዱን እንደ ንስር ዘርግቶ ለሚዞር አጎት ነው፤
ላልተነቃነቀማ ድርሻው ይኸው ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ቁጥሩ ተቆጠረ፤
ዘጠና አንድ በመቶ ላይ መብራት ሄደ።
ተሳደብኩ። ከአንድ ጀመርኩ።
ሊነጋጋ ሲል አርባው ጊጋ አሥራ አምስት ሜጋ ከምናምን ሆኖ ወረደ፣
እንደ ራሰ የበግ ጠጉር በአንድ ጡጫ የሚያዝ።
ላክሁት። ዲስኩን አጸዳሁት። ሰኞ የሩሻን ሠርግ አለ፤
ዲስክ ደግሞ ውድ ነው፣ ለትናንት ኪራይ የሚከፍል ማን አለ?

በሁለተኛው ቀን ድምፅ መጣልኝ፣ ነፋስ የበዛበት፦
«ደረሰኝ፣ እጅህ ይባረክ።
የሳቭሳን ቀሚስ እሳት ይመስላል። የአክስቴ ልጅ እንዴት ረዘመ!
አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ...
እናቴ ሠርጉ ላይ አልነበረችም?»

ከፈትኩት።
ሦስተኛው ምሰሶ ሥር፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣
ባሏን በጥር የቀበረች ሴት፣ ሳትጨፍር፣ ሳታጨበጭብ፣
ለልጇ ስትል ብቻ ተቀምጣ።
ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ማሽኔ ግን ወርቅ አይለይም፤
ከምሰሶው ጋር ደምሮ «እንደ ቅድሙ» አላት።
ፊቷ አራት አመዳም ካሬ ሆኗል፤
ዓይኗ በነበረበት የእንጨቱ ቀለም ገብቶበታል።

ዲስኩ ባዶ ነው። እኔ ነኝ ያጸዳሁት።

ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደ ባርታንግ ወጣሁ።
ቢቢናዝን በሯ ላይ የደረቀ የቱት ፍሬ ስትለቅም አገኘኋት።
ያጠፋሁትን ነገርኳት። አልገባትም፤ ወይም ገብቷት ናቀችው።
«ቀርጸኸኝ አልነበር? አሁን ምን ልሁንልህ?»
«እማማ፣ ትንሽ ይነቃነቁ።»
«ለምን ብዬ?» አለችና ዝም ብላ አየችኝ።

እኔም ተውኩት። ሃያ ሰከንድ። ፊቷን ብቻ።
አሥራ ስድስቱንም ሜጋ ለአንድ ፊት ሰጠሁ፣
ሽፋሽፍት በሽፋሽፍት፣ ያለ አንድ «እንደ ቅድሙ»።
ዝንብ መጥታ ጉንጯ ላይ አረፈች፤
እሷም አላባረረቻት፣ እኔም አልቆረጥኳት።

የሱርጉት መልስ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤
ድምፅ የለውም፣ ተጽፎ ነው፦
«ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ አዲስ ነው።
ምን ሆና ነው ያልነገራችሁኝ?»