የጋራ ጎተራ

ክረምት ነው፣ ማርቆስ ነው፣ ቆርቆሮው ያወራል፣
ሽባባው ባጃጁን አቁሞ ይመጣል።
የሱ ቤት ዊንዶውስ፣ የኔ ቤት ሊኑክስ፣
አንዲት ኮምፒውተር እንደ ዳቦ ስንቆርስ፣
ለሱም ሩብ፣ ለኔም ሩብ፤ ግማሿን ተውናት፣
ሁለት በር ያላት የጋራ ጎተራ አልናት።

ገበሬ አይደለንም፤ የምንከተው እህል
ስልሳ ጊጋ ኳስ ነው፣ በሌሊት ጥቅል
ሃያ ሁለት ሌሊት ጠብ ሲል፣ ጠብ ሲል፣
መብራት ሲጠፋበት ደግሞ ካንድ ሲል።
ማን ይችላል ታዲያ ሁለቴ ሊያወርድ?
አንድ ክምር ይበቃል ለወንድማማች ሆድ።

ትናንት ማታ በሬን ከፍቼ ስገባ፣ ሁሉም ይታያል፣
ልነካው ስል ግን «ማንበብ ብቻ» ይላል።
ለዓይን የተፈቀደ፣ ለእጅ የተከለከለ፣
የሁዳዴ ቋንጣ በገመድ እንደተሰቀለ።
በዘጠና ደቂቃ የበላሁት ዋንጫ
አጣ ማስቀመጫ።

ሊኑክስን ወቀስሁ፣ ዲስኩን ረገምሁ፣
ሽባባውንም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ጠረጠርሁ።
ትእዛዝ ስጽፍ፣ ስሰርዝ፣ ዶሮ እስኪጮህ ድረስ፣
ኋላ ነው የገባኝ ጉዳዩ፣ ቀስ በቀስ፦
ዊንዶውስ «ዘጋሁ» ሲል አልዘጋም ለካ፣
አሸልቧል እንጂ፤ ቁልፉ ከብብቱ ነው፣ ማንም እንዳይነካ።
ነገ ፈጥኖ ሊነሳ ነው አሉ፣ ለጥድፊያ፣
እኔ ስልቻ ይዤ በር ላይ፣ ያለ ማረፊያ።

ሽባባው ገባ። ካፖርቱ ውሃ ያዘንባል።
ከሰኔ ወዲህ፣ ከቤት ኪራዩ ጠብ ወዲህ፣ እንዲሁ ነው፦
«ደህና እደር» ይላል፣
ይጋደማል፣
ፊቱን ወደ ግድግዳ፤ ዓይኑ ግን ክፍት ይመስለኛል።

«ስማ» አልሁት፣ «ስትዘጋ ጨርሰህ ዝጋ።
ያቺን ‹ፈጣን መነሻ› አጥፋት፤ ቁልፉ እጅህ ላይ አይንጋ።»
ዝም አለ። ካልሲውን ጨመቀ።
ቆይቶ፣ ሳቅ ይሁን ሌላ፣ ድምፁ ታነቀ፦
«አንተስ ሰኔን መቼ ነው የምትዘጋ?»

መልስ አላገኘሁም። ተነስቶ ነገርየዋን አጠፋ፣
እስከ መጨረሻው ዘጋት፤ የማራገቢያዋም ድምፅ ጠፋ።
በኔ በር አስነሳኋት። ጎተራው እጄን ተቀበለ።
የትናንቱ ዋንጫ ግን የለም፤ የትም የለ።

«ያኛውን ጆይስቲክ ያዝ» አልሁት። ኪራዩን አላነሳንም ገና፤
ዝናቡም አላባራ፣ ጨዋታውም ከዜሮ ነውና።