ሰርክአዲስ

አባታችን ስም ሲያወጣ «ሰርክአዲስ ትባል» አለ፤
ሌላ ሰርክ አዲስ ነገር መምጣቱን መች አስተዋለ።

ቤታችን ማራኪ ነው።
ምርኮኛው ማነው አትበይኝ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ከብርድ ልብሱ ሥር ፊትሽ ሰማያዊ፤
አውራ ጣትሽ ብቻ ሽቅብ ይገፋል፤
የማታውቂው ሲስቅ ያልፋል፣
የማታውቂው ሲያለቅስ ያልፋል።

ሺህ ተከታይ አለሽ።
ትናንት ከፒያሳ በካፊያ ስትመጪ
አንድም ሰው አልተከተለሽ።

አንዷ «ወፍራም» ብላ ከጻፈችብሽ ወዲህ
ራትሽ እንደተከደነ ያድራል፤
እናታችን ሱባኤ መስሏት፣
«ልጄን ባረከልኝ» ትላለች ደስ ብሏት።

ቻርጀርሽን ደበቅሁት፣ ከሽሮው ዕቃ።
በማግስቱ ሌሊት
«ነቅተሻል?» አልሽኝ በጨለማው፤
የምትነግሪኝ ነበረሽ።
«አንዴ ቆዪ» አልኩሽ፤
የእኔም ጣት ይገፋ ነበር።

ቀና ስል
ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ነበር።