በቃል አርባ ፔሶ

ቺሎዌ ደሴት ላይ ዝናብ አያባራም፣
ሰማዩ ቢነጋም ባሕሩ አይጠራም።
የማታ ክፍላችን ጣሪያው ሲያወራ ያድራል፣
ብዙ ተናግሮ ግን አንድ ነገር ይላል።

ቀኑን ሙሉ ዓሣ ስንሰነጥቅ ውለን፣
ቅርፊቱ ከጣት ላይ ሳይለቅ ተሰብስበን፣
ዶን ኤባሪስቶ ገቡ፣ ካፖርታቸው ርሶ፤
"ዛሬ" አሉ፣ "የአንድ ቃል ዋጋው አርባ ፔሶ።
ይህን ምዕራፍ ላንብብ፤ ጸጥ ብላችሁ ስሙኝ፣
የጻፋችሁትን ቃል ቆጥራችሁ ክፈሉኝ።"

አነበቡ፤ ስለ አንድ የድሮ ጦርነት፣
ስለ በረሃ ጨው፣ ስለ ወሰን ቅናት።
ኦርቴንሲያ ሁሉን ጻፈች። ሳላቸውን፣
ከሳሉ በኋላ "ይቅርታ" ማለታቸውን፣
ነፋስ ሲበረግደው "በሩን ዝጉት" ማለታቸውን።
ባልዶሜሮ ደግሞ ሰዓቱን እያየ
"ጦርነት ነበረ" ብሎ ከብዕሩ ተለየ።
እኔ መጽሐፌ ላይ ሳሰምር አምሽቼ
ገጹን ቢጫ አደረግኩት፣ አንድ መስመር መተው ፈርቼ።

ዞረው አዩ።
"ኦርቴንሲያ፣ ልጄ፣ ዐሥራ ሁለት ሺህ ፔሶ!
ይኼ አይከፈልም ጀልባ ተሸጦ፣ ቤት ፈርሶ።
ባልዶሜሮ፣ ሰማንያ። ርካሽ ነው፣ እሺ።
ግን ማን ከማን ተዋጋ? ማንስ ነበር ሸሺ?
አንቺ ደግሞ..." ቢጫውን ገጽ ወደ አምፖሉ ይዘው፣
"ሁሉም ከደመቀ፣ የደመቀው የቱ ነው?"

ከዚያ አሳዩን፤ በግራ ሰፊ ኅዳግ ማስመር፣
እዚያ ጥያቄ ብቻ። በቀኝ በኩል በአጭር
የገባንን መጻፍ፣ መጽሐፉን ዘግቶ፣
ለጎረቤት ነግሮ፤ እሱ ግራ ከገባው እንደገና ከፍቶ።
በሳምንቱ ዋጋው መቶ ፔሶ ሆነ፣
ደብተራችን ከሳ፣ እንደ ዓሣ እሾህ ቀጠነ።
ኩራት ቢጤ ገባን።
ባልዶሜሮ እንኳ ምዕራፉን ሙሉ
በዐሥር ቃል አስገብቶ "አለቀ" አለ።
"ጥሩ" አሉ። ግን አልሳቁም።
ጠመኔውን አስቀመጡ።

"ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤ የቴሌግራም ጸሐፊ ነበርኩ።
ዶሚቲላ የምትባል ሴት መጣች፤ ሳንቲሟን ቆጠርኩ፣
ለስድስት ቃል ይበቃል። ባሏ ፓታጎንያ
በግ ሸላች ነው፤ ዓመት ሊሞላው ከእሷ ተለያይቶ።
የምትለው ግን ብዙ፦ ልጁ ታሞ ዳነ፣
ዕዳው ተከፈለ፣ ጣሪያው ተከደነ፣
ቶሎ ና፤ በትንሽ ጀልባ ግን እንዳትመጣ፣
መርከቡን ጠብቀው፣ ሰኞም ይሁን ማክሰኞ ሲመጣ።
እኔ፣ ጎበዝ ነኝ ባይ፣ ፍሬውን ለየሁላት፦
'ልጁ ዳነ። ዕዳ የለም። ቶሎ ና።'
ስድስት ቃል ልክ። መርከቡን
ማን አያውቀውም ብዬ ተውኩና።"

ጣሪያው ያወራል።

"ቶሎ መጣ" አሉ። "በነሐሴ ማዕበል፣
በተገኘው ጀልባ።"

ሌላ አልጨመሩም። ስንወጣ በር ላይ ቆመው፣
"ቃል ስትሰርዙ" አሉ፣ "መጀመሪያ ጠይቁ፣
አብሯት የሚሰጥም ሰው እንዳለ እወቁ።"

ዛሬ ነርስ ነኝ። የሌሊት ፈረቃ ስለውጥ
የሠላሳ ሰው ሕመም በአንድ ገጽ አስቀምጣለሁ፤
"አልጋ ሰባት፦ ትኩሳቱ በረደ። ፔኒሲሊን አይሰጥ።"
"አይሰጥ" ከምትለዋ ሥር ሁለቴ አሰምራለሁ።

ዶን ኤባሪስቶ አርፈዋል። የእኔ ደብተር
ስለዚያች ማታ ሦስት መስመር ይዟል፤ ጥሩ ነው፣ አጭር።
አንዳንዴ ግን ዝናቡ ሲጠና
ኦርቴንሲያ ቤት ሄጄ የእሷን እዋሳለሁ፣
ያንን፣ ዐሥራ ሁለት ሺህ ፔሶ የሚያወጣውን።
እዚያ ውስጥ አሁንም ያስላሉ።
"ይቅርታ" ይላሉ።
"በሩን ዝጉት።"