ጨዋይቱና ጨው

ጥቅምት ሳይጋመስ፣ የላ ሳር ሐይቅ ከዳር ዳሩ ሲረጋ፣
በገመድ ተስበሽ ከጋራዤ ደረስሽ፣ ገና በቅጡ ሳይነጋ።
መርቸዲስ! ያውም የሰማንያ ስድስት ሥሪት፣
ወንበርሽ የማር ቀለም ቆዳ፣ ዳሽቦርድሽ የሚያበራ እንጨት፣
የውል አዋዋዩ የኦሬል መኪና፣ የአቢቲቢ ወይዘሪት።
በሰኔ እሑድ ብቻ፣ ከቅዳሴ መልስ የምትታዪ፣
ብርዱ ከች ሲል ድርብ ጨርቅ ለብሰሽ በረዶ የማታዪ።
አንቺ ውስጥ ብስኩት አይበላም ነበር፤ አንቺ ውስጥ አይሳልም፤
ልጆቹ ጫማ አውልቀው ሲገቡ አይቻለሁ፤ ይህን መቼም አልረሳም።

እንግዲህ ኦሬል ሞተ።
ልጁ ሶላንዥ ነርስ ናት፤ በጫካው መንገድ ቤት ለቤት እየዞረች
የሽማግሌ ቁስል የምታጥብ። የራሷ መኪና ሞተሯ ነክሶ ከቆመች
ወር አልፏታል።
«ከፍ አድርግልኝ» አለች፣ «በረዶ የምትሰብር አውሬ አድርጋት፤
ቁንጅናዋ ለእኔ ምኔም አይደል።» ወንድሟ ጋኤታን
ከሞንትሪያል ደውሎ «ኃጢአት ነው» አላት።

ጀመርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እጄ አንድ ጊዜ አመነታ፤
ከዚያ መጋዙን አስነሣሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ለአንድ አፍታ።
የፊት መከላከያሽን ቆርጬ ወፍራም የውሃ ቧንቧ በየድሁ፣
ከወደቀ ፒክአፕ ሞላ ፈትቼ በአራት ጣት ከፍ አደረግሁሽ፣
ሆድሽን ከአንገትሽ እስከ ጅራትሽ ጥቁር ሬንጅ ቀባሁ።
ጎማሽ ምስማር አበቀለ። ከአፍንጫሽ የኤሌክትሪክ ገመድ
እንደ ምላስ ተንጠለጠለ፣ ሌሊት ከግድግዳ ተሰክቶ
ሞተርሽን ከውርጩ ጋር ሊያዛምድ።
ኋላሽ ቀላል ነው፤ ይንሸራተታል። ጫንኩብሽ ሁለት ከረጢት አሸዋ፣
አካፋ፣ ብርድ ልብስ፣ በጣሳ የቆመ ሻማ፣ የጭንቅ ሌሊት አለኝታዋ።

ያስቸገረኝ ኮከብሽ ነው። ያ አፍንጫሽ ላይ የቆመው።
ባለ ኮከብ ሁሉ፣ ኮከቡን ማን እንደሚፈታበት አያውቅም፤
ያንቺን እኔ ነኝ የፈታሁት፣
በአሥር ቁልፍ፤
ብዙም ጠብቆ አልነበረም።

ምንጣፍሽን የገፈፍን ዕለት ሶላንዥም መጥታ ነበር፤
እጅጌዋን ሰብስባ፣ በጉልበቷ፣ ከሹፌሩ ወንበር ሥር።
ድንገት ዝም አለች።
እፍኝ ሙሉ አወጣች፦
የለውዝ ቅርፊት፣
የካራሜላ ወረቀት፣
የድንች ጥብስ መብያ ሹካ፣ ትንሽዬ፣ የእንጨት።
ድርብርብ ነው፤ የሃያ ዓመት፤ እንደ ወንዝ ደለል።
ለካ ያ «አይበላም» ብሎ የደነገገው ኦሬል፣
እሑድ ማታ፣ ብቻውን፣ የሆነ ጥግ አቁሞሽ፣
መብራትሽን አጥፍቶ ሲበላ ኖሯል!

«አባዬ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።
ሳቀች መሰለኝ። ጀርባዋን ነበር የማየው፤ አልማልም።
ቅርፊቱን ግን አልጣለችውም።

ጥር ላይ አየሁሽ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፣
የጎረቤት አዲስ መኪኖች ድዳ ሆነው ያደሩበት ሌሊት።
አንቺ ሳልሽ። ደግመሽ ሳልሽ።
ጥቁር ጭስ ተፍተሽ ተነሣሽ።
የኋላ ወንበርሽ ላይ ውሻ፣ በማር ቀለም ቆዳሽ የፈሰሰ ሾርባ፣
ሶላንዥ መሪሽን በአንድ እጇ፣ በሌላው ዳቦ ይዛ፣
ጉንጯን ሞልታ፣ አልፋኝ ሄደች ወደ ጫካው ስትገባ።

አልዋሽሽም። መንገድ ላይ የሚነሰንሱት ነገር በርሽን ከሥር ይዞታል፤
ሦስት የበረዶ ወራት ቢሰጥሽ ነው፤ አራተኛው ይበዛብሻል።
ሠላሳ ምናምን ዓመት ጨዋ ተብለሽ ኖርሽ፣ ጨው የሚባል ሳትቀምሽው፤
አሁን ጨው እየበላሽ ነው፤
እንደፈለግሽ ፍቺው።